ከደጅ እስከ እልፍኝ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሰው ደጅ የሚረግጥ እንግዳ ከሰላምታ በፊት የሚያሰማው ጩኸት አለ፤ «ውሻ ያዙ!» ይላል። ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ አድርጎ ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ ወደ መንደር የገባ ሁሉ ይህን ብሏል። ከአጥሩ ውስጥ አንድ ልጅ ብቅ ይልና ውሻውን አንገቱን አንቆ ይይዘዋል። እንግዳው ዓይኑን ከውሻው ላይ ሳይነቅል ጎን ለጎን እየተራመደ ወደ ቤቱ ይዘልቃል። «ደኅና ዋላችሁ» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ውሻው ግን አይዘልቅም። ቢሞክር የቤቲቱ እመቤት በማማሰያ ትሰነዝርበታለች፤ እሱም ይህን ያውቃል። ሁለት የፊት እግሩን ከመድረኩ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ብቻ አስግጎ፣ ከገበታው የሚወረወርለትን ይጠባበቃል። ይህ ጽሑፍ የዚያ መድረክ ታሪክ ነው።

የውሻው ሥራ ከጥንት ጀምሮ ብዙም አልተለወጠም። ሌሊት ጅብ ከበረት እንዳይገባ ይጮኻል። ቀን ከእረኛው ጋር ከብት ተከትሎ ወደ ብር ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል። በቆሎው ሲያሸት ከማማው ሥር ይተኛል፤ ማማው ላይ ያለው ልጅ በወንጭፍ፣ እሱ በጥርሱ፣ ዝንጀሮና ከርከሮ ያባርራሉ። ሲጠሩት «ኩቲ ኩቲ» ነው፣ ሲልኩት «ጃስ!» ነው። አፉን ሲፈታ እነዚህን ሁለት ቃላት ያልተማረ የባላገር ልጅ ጥቂት ነው። ደመወዙ ከሁሉም በኋላ የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እሱም ሳይወድ ይጾማል፤ ሥጋ የሚበላ ቤት ስለሌለ ሃምሳ አምስት ቀን አጥንት አያይም።

ቋንቋችን ለዚህ አገልጋይ ምስጋና የለውም። ስድቡ «የውሻ ልጅ» ነው። ደም መላሽ ሳያገኝ፣ ጉማ ሳይከፈልበት የቀረ ሟች ደሙ «ደመ ከልብ» ሆነ ይባላል፤ ከልብ በግእዝ ውሻ ነው። ደም መመለስ በጎጃም ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይህ ቃል የት ድረስ እንደሚወጋ ይረዳል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከጅብ ሲተናነቅ የሚያድረውን እንስሳ ለጅብ መንገድ ጠራጊ አድርጎት አረፈው። ግፍ ነው፤ በተረት ላይ ግን ይግባኝ አይባልም።

በቤተ ክርስቲያንም ያው ነው። ካህናቱ ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ አጥብቀው ይከላከላሉ፤ የዮሐንስ ራእይም ውሾችን ከቅድስቲቱ ከተማ ውጭ ከሚቀሩት ጋር ይቆጥራቸዋል። ሆኖም ከሰማንያ አሃዱ መጻሕፍት አንዱ በሆነው በመጽሐፈ ጦቢት፣ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ወደ ሩቅ አገር ሲነሣ ውሻው ተከትሎት ወጥቷል። አልዓዛር ከባለጠጋው ደጅ ወድቆ ሳለ ቁስሉን የላሱትም ውሾች ናቸው። ሰባኪዎቻችን ስለ ባለጠጋው ብዙ ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ስለ ውሾቹ ግን ሲያልፉ እንጂ ሲቆሙ አላየሁም።

አድያም ሰገድ ኢያሱ ከጎንደር እየተነሡ ወደ ጎጃምና ወደ ዳሞት በሚዘምቱበት ዘመን፣ በዓለም ማዶ በጃፓን አገር የውሻ ነገር አደባባይ ወጥቶ ነበር። ኢያሱ የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1682 ነው። ከእሳቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በኤዶ ከተማ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ቶኩጋዋ ጹናዮሺ ሾጉን ሆኖ ተሾመ። ሾጉን ማለት ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋን ተቀምጦ እሱ አገር የሚገዛ የጦር አለቃ ነው። ጹናዮሺ የተወለደው ጃፓኖች «የውሻ ዓመት» በሚሉት ዘመን ነበርና፣ እንስሳትን ሁሉ፣ ከሁሉም ይልቅ ውሻን፣ የሚያስከብሩ አዋጆች በላይ በላዩ አወጣ። ውሻ የገደለ ሰው በሞት እስከ መቀጣት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1695 በናካኖ ሰፊ የውሻ ግቢ ተሠራ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች እዚያ ሩዝና ዓሣ ይቀለቡ ጀመር። ወጪው የተጣለው በከተማው ሕዝብ ላይ ነው።

በዚያው ዘመን ጃፓንን ያየ ኤንግልበርት ኬምፕፈር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም አንድ ወግ ጽፎ ትቷል። አንድ ገበሬ የሞተ ውሻ ተሸክሞ ሊቀብር ተራራ ሲወጣ ደከመውና የሾጉኑን የልደት ዓመት ረገመ። ጓደኛው ግን ዝም በል አለው፤ ሰውየው በፈረስ ዓመት ሳይወለድ በመቅረቱ አምላክህን አመስግን፣ ሸክሙ ይብስ ነበር። ይህችን ወግ የቡሬ ገበያተኛ ቢሰማት ኖሮ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ሊነግረው የሚችል ደብተራ አጠገቡ አያጣም ነበር። ጹናዮሺ እ.ኤ.አ. በ1709 ሲሞት አዋጆቹ ወዲያው ተሻሩ። ለፍቶ አዳሪው እያየ የሚቀለብ ውሻ ምን ያህል ጥላቻ እንደሚያፈራ ጃፓኖች በዚያ ዘመን አይተውታል። እኛ እስክናየው ገና ሁለት መቶ ስድሳ አምስት ዓመት ይቀረን ነበር።

የጎጃም ውሻ በዚህ ሁሉ ዘመን ስሙ የሚነሣው በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ሳይሆን በቆሎ ተማሪ አፍ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የዋሸራን ወይም የጎንጅን ስም ሰምቶ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር የሚመጣ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከሰዓት በኋላ መንደር ለመንደር ቁራሽ ይለምናል። «ስለ ማርያም» የሚለው ልመናው ለሰው ነው። ውሻው የማርያምን ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው ደበሎው የበግ እንደሚሸት፣ ዱላ የያዘ ባዕድ ወደ ደጁ እንደተጠጋ ነው። በውሻ ዓይን ሲታይ የቆሎ ተማሪ በየቀኑ የሚመጣ የማይታክት ሌባ ነው።

ስለዚህ ተማሪው ሁለት ትምህርት ነበረበት። ከመምህሩ ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ከደጅ ደግሞ ጀርባ ሰጥቶ አለመሮጥን፣ ውሻ ሲበረታ ቁጭ ማለትን፣ ከአኩፋዳው የመጀመሪያዋን ቁራሽ ለውሻው መወርወርን ይማራል። ይህን የማይማር ባቱ ይመሰክርበታል። ሸምግለው አለቃ ወይም መሪጌታ የተባሉ ሊቃውንት የወጣትነታቸውን ወግ ሲያመጡ፣ ያደሩበትን ጎጆና የተራቡበትን ክረምት ተርከው ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠባሳ ያሳያሉ። የውሻ አፍ የሚያስር ጸሎት አለ ይባላል፤ ከተማሪ ለተማሪ በምሥጢር እየተላለፈ የሚደገም። ጸሎቱን የሚያውቁትም ቢሆኑ ዱላቸውን ሲጥሉ አላየሁም። ውሻው ተማሪውን የነከሰበት ባለቤት ግን ያፍራል። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም የሚያገኘውን ዲያቆን ያስነከሰ ነውና፣ ከቁራሹ በላይ ይጨምርለታል፣ አንዳንዴም ቁስሉን አጥቦ ያሳድረዋል። እንዲህ ሆኖ በውሻ ጥርስ የተጀመረ ወዳጅነት ብዙ ነው።

ከጥርሱ የከፋው ሌላ ነበር። በነሐሴ 1876 ዓ.ም. በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች የእብድ ውሻ በሽታ በወረርሽኝ መልክ መነሣቱ ተመዝግቧል፤ በሽታው ራሱ ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ ነው። የተነከሰ ሰው መጀመሪያ ወደ ጸበል፣ ቀጥሎ ሥር ወደሚያውቅ መድኃኒተኛ ይወሰዳል። ውሃ መፍራት ከጀመረ ወዲያ ተስፋ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል፤ ይህን እውቀት ለማግኘት ሐኪም ቤት አላስፈለገም። ትናንት ልጆቹ ጀርባው ላይ ሲቀመጡ ዝም የሚል ውሻ ዛሬ ለሃጩን እያዝረከረከ ጌታውን ሊነክስ ይችላል። እኔ መድረኩን ያቆመው ከቤተ ክርስቲያን ሕግ ይበልጥ ይህ ፍርሃት ይመስለኛል። ወዲያው ደግሞ ክፉ ቀን መጣ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት የከብት እልቂት በረቱን ባዶ አስቀረው፣ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ፣ ጅብ ደፍሮ እስከ ሰው ቤት ገባ። የሚጠበቅ ከብት፣ የሚወረወር ቁራሽ በሌለበት አገር ውሻ ምን ሆነ ብሎ የጻፈ የለም።

አሁን ወደ 1924 ዓ.ም. እንሻገር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚያ ዓመት መግቢያ በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተልከው ጃፓን ሄዱ። ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው አሳተሙ፤ ያ ትውልድ «እንደ ጃፓን እንሠልጥን» የሚለውን ሐሳብ ይዞ እንዲነሣ ካደረጉት መጻሕፍት አንዱ ነው። ኅሩይ ቶኪዮ በሰነበቱበት በዚያ ጥቅምትና ኅዳር፣ በዚያችው ከተማ በሺቡያ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ አንድ ውሻ ተቀምጦ ነበር።

ስሙ ሃቺኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በሰሜን ጃፓን፣ በአኪታ፣ ተወለደ። ያሳደጉት በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ኡዌኖ ናቸው። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ጣቢያው ድረስ ወጥቶ ይቀበላቸው ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1917 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ ከሥራ ቦታቸው እንዳሉ ድንገት ሞቱ። ውሻው ግን ባቡሩ በሚደርስበት ሰዓት መምጣቱን አልተወም፤ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ተመላለሰ። ዛሬ ዓለም ይህን ታሪክ ሲያወራ የሚዘለው አንድ ነገር አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በዚያ ጣቢያ አልፈው ቢሆን ኖሮ የሚያዩት የታማኝነት ምልክት ሳይሆን ቆሻሻ የውሻ ጎዳና አዳሪ ነው። የጣቢያው ሠራተኞችና ባለ መደብሮች ያባርሩት፣ ልጆች ያንገላቱት ነበር። አንድ ጋዜጣ ታሪኩን ያወጣው ገና ከኅሩይ ጉዞ በዓመቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰው ሁሉ ምግብ ይዞ መምጣት የጀመረው። ሚያዝያ 13 ቀን 1926 ዓ.ም. ራሱ ሃቺኮ በተገኘበት የነሐስ ሐውልቱ ተመረቀ፤ የካቲት 29 ቀን 1927 ዓ.ም. ሞተ። በዚያ ዘመን በጃፓንም ውሻ የሚያድረው ደጅ ነው። በጃፓን ቤት መግቢያ ላይ ጫማ የሚወለቅበት፣ ከወለሉ ዝቅ ያለ ስፍራ አለ፤ ውሻ ከዚያ አያልፍም ነበር። የእነሱም መድረክ ያ ነው።

ሃቺኮ በሞተ በሰባተኛው ወር ጣሊያን መረብን ተሻገረ። ጎጃም አምስቱን ዓመት በዱር በገደል ተዋጋ፤ ሌሊት የሚጓዝ አርበኛ የሰው መንደር ውሻ አይወድም፤ ጩኸቱ ከባንዳ ይብስበታልና። በየካቲት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ለቆ ሸሸ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በኦሜድላ ገብተው፣ በበላያ ተራራ አድርገው፣ በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ዘለቁ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚህ ጉዞ ጋር ተያይዞ ነው ይባላል። በጃፓን ደግሞ የዓለም ጦርነቱ በመጨረሻ ውሾቹ ዘንድ ደረሰ። ለሠራዊቱ ቆዳቸው ይፈለጋል ተብሎ ባለቤቶች ውሾቻቸውን እንዲያስረክቡ ተደረገ፤ የሃቺኮም ሐውልት ለጦርነቱ ቀለጠ። የዛሬው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1948 እንደገና የቆመው ነው። ውሻን በልጅ ማዕረግ የሚያይ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ እንዲያ ነበር የሚል ካለ ያን የጦርነት ዘመን ይጠይቅ።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ አገሮች መንገድ በአንድ ነገር ተለያየ፤ ነገሩ ፍቅር ሳይሆን መርፌ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ሕግ አወጣች፤ ባለቤት ያለው ውሻ ሁሉ እንዲመዘገብና በየጊዜው እንዲከተብ፣ ባለቤት የሌለውም እንዲያዝ አዘዘች። ሰባት ዓመት ሳይሞላ በሽታው ከአገሩ ጠፋ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ጃፓንን ሲጎበኙ ይህ ሥራ ወደ ማለቁ ነበር። ውሻ ከመድረኩ አልፎ ከልጆች አልጋ ላይ መውጣት የቻለው የማይገድል ውሻ ከሆነ በኋላ ነው።

በእኛ በኩል የፓስተር ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ ላይ ከበግ አንጎል ክትባት ያዘጋጅ ነበር፤ ይህም ዓይነት ክትባት ለብዙ አሥርት ዓመታት አገልግሏል። በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ መርፌ ነው። ቡሬ አካባቢ የተነከሰ ገበሬ ይህን ለማግኘት ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ይጠብቀዋል፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ሳይረሳ። ደርሶም አሥራ አራት ቀን የሚያሳድረው ዘመድ ከተማ ላይ ያስፈልገዋል። ብዙው ጸበሉን መረጠ፤ ሞኝነት ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። ማዘጋጃ ቤቶች በበኩላቸው መርዝ የተቀባ ሥጋ እየበተኑ የጎዳና ውሾችን ይፈጁ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ በመንገድ ዳር የተጋደሙ ውሾች ማየት በከተማ ያደገ የዚያ ዘመን ልጅ ትዝታ ነው።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ከመድረኩ ብቻ ሳይሆን ከእልፍኙም የዘለቀች አንዲት ውሻ ነበረች። ሉሉ ትባላለች። ቺዋዋ ከሚባለው፣ ከድመት ከማይበልጠው ዝርያ ነች። ንጉሠ ነገሥቱ ይወዷት ነበር፤ በጉዞ ላይ ሳይቀር ትከተላቸው ነበር። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሉሉ የመኳንንቱን ጫማ እንደምታረጥብ፣ ያንን የሚጠርግ ሎሌ እንደተመደበ ጽፏል። ቤተ መንግሥቱን ከሚያውቁት ብዙዎች ይህን አይቀበሉትም፤ እኔም የሰውየውን ብዕር አላምነውም። ወሬው የተወደደበት ምክንያት ግን ግልጥ ነው። ሹመኛ በውሻ ሲዋረድ ማየት ለሰሚው ደስ ይላል።

ሉሉ በእልፍኝ በነበረችበት ዘመን ጎጃም ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተቀያየመ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ወደየመንደሩ ሲላኩ ገበሬው እምቢ አለ፤ ነገሩ ወደ ጦርነት ሄደ፣ አውሮፕላን መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጠቅላይ ግዛቱ አስተዳዳሪነት ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ሃያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ንጉሡን በእልልታ ያሳለፈ አገር ነው።

ከዚያ ወሎ ተራበ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ረሃቡን ለዓለም ያሳየውን ፊልም አወጣ። ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ ሌላ አደረገው። የ1967 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ዕለት ማታ፣ መስከረም 1 ቀን፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በረሃብ የሚያጣጥሩ የወሎ ሕፃናትን አሳየ፤ በመካከሉ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ከሳህን ሥጋ ሲያጎርሱ የሚያሳይ ሥዕል ተሰፍቶበታል። ንጉሡም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር። በማግስቱ ጠዋት በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጡ።

ተንኮል ነበረበት። በሁለት ቦታ፣ በሁለት ጊዜ የተነሡ ሥዕሎችን ጎን ለጎን ሰፍቶ አንድ ክስ ማድረግ ነው። ግን እንግሊዝ አገር ቢታይ ያን ያህል ባልነደደ ነበር ብዬ አምናለሁ። ኢትዮጵያዊው ተመልካች ልብ ውስጥ የቆየ ሥርዓት አለ፤ ውሻ የሚበላው መጨረሻ ላይ ነው። አባት ይበላል፣ እንግዳ ይበላል፣ ልጆች ይበላሉ፣ እናት ትቀምሳለች፣ የተረፈው ለውሻ ይወረወራል። በጎጃም በድሃውም በሀብታሙም ቤት ይህ አይዛባም። ያን ማታ ሕዝቡ ያየው ውሻን የሚወድ ሽማግሌ አልነበረም። ገበታው ተገልብጦ፣ ውሻው ፊት፣ ልጁ ኋላ ሆኖ ነው ያየው። ቴሌቪዥን ያኔ ከአዲስ አበባና ከጥቂት ከተሞች አልፎ አይታይም፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ወሬውን የሰሙት በሬዲዮና በመንገደኛ አፍ ነው። ወሬውን ለመረዳት ግን ሥዕል አላስፈለጋቸውም።

ቀጥሎ የሆነውን ተረት ፈጣሪ እንኳ አይደፍረውም። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት በእስር ላይ እንዳሉ አለፉ። አስከሬናቸው ያለ ጸሎት፣ ያለ ለቅሶ፣ ከቤተ መንግሥቱ ወለል በታች በኮንክሪት ተደፈነ። ሉሉ ደግሞ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ፣ ስሟ በተቀረጸበት ድንጋይ ሥር፣ በወግ ተቀብራ ነበር፤ ድንጋዩን ማንም አልነካውም። ውሻዋ መቃብር ነበራት፤ ጌታዋ ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ አሥራ ስድስት ዓመት ተኩል ቆየ። በየካቲት 1984 ዓ.ም. አጥንታቸው ተቆፍሮ ወጣ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፉ።

ጃፓን በነዚህ ዓመታት ውሻዋን ከደጅ ወደ ቤት አስገባች። አፓርታማው ሲበዛ፣ ልጅ ሲቀንስ፣ ትንንሾቹ ዝርያዎች ጎጆ ሳይሆን ሶፋ ለመዱ። ከመንገድ የተመለሰ ውሻ ጫማ በሚወለቅበት በዚያ ዝቅ ያለ መግቢያ ላይ እግሩ በጨርቅ ይወለወልና ወደ ላይ ይወጣል። ባለቤቶቹ ስለ ውሻቸው ሲያወሩ «ኡቺ ኖ ኮ» ይላሉ፤ የእኛ ቤት ልጅ ማለት ነው። ሲሞት አስከሬኑን አስቃጥለው፣ የቡድሃ መነኩሴ ጸሎት አድርሶለት፣ አመዱን የሚያኖሩ ብዙ ናቸው። በአገሪቱ የቤት ውሾችና ድመቶች ተደምረው ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች በቁጥር ይበልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መንቀጥቀጡና ከፉኩሺማው አደጋ የሸሹ ሰዎች ውሾቻቸውን ጥለው ወጥተው በጸጸት ስለተሰቃዩ፣ መንግሥት ከሁለት ዓመት በኋላ ሰው ከእንስሳው ጋር አብሮ እንዲሸሽ የሚመክር መመሪያ አወጣ።

በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ያደገ የዛሬ ልጅ ይህ እምብዛም አይገርመውም። «የፈረንጅ ውሻ» የሚባሉት ዝርያዎች በየግቢው አሉ፤ ስማቸው ቦቢ ወይም ጃኪ ነው፣ መታወቂያቸው የክትባት ካርድ ነው። በፍኖተ ሰላም ግቢዎች ውሻው ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ከከተማው ጥቂት ከወጡ በኋላ ግን መድረኩ እንደ ቀድሞው ነው። በሽታውም አለ፤ በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው በእብድ ውሻ እንደሚሞት ይገመታል፤ የበዙትም የገጠር ልጆች ናቸው፤ ውሻውን አንገቱን አንቀው የሚይዙት እነሱ ናቸውና። በውሻ ንክሻ የሚመጣውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ዓለም ቃል ገብቷል። የበሽታው መታሰቢያ ቀን ሴፕቴምበር 28 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18፤ የመስቀል ማግስት። የጎጃም ውሻ በዓመት ውስጥ አጥንት የሚጠግብበት ሰሞን ነው።

ክትባት ወደ መንደር የመጣ ቀን የእንስሳት ሐኪሙ በረዶ የያዘ ሣጥኑን አንግቶ ከአጥሩ ማዶ ይቆማል። ውሻው ነጭ ጋውኑን አይቶ ያብዳል። ሐኪሙ መርፌውን ወደ ላይ ይዞ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ «ውሻ ያዙ!» ብሎ ይጮኻል። ከቤት ውስጥ የበቆሎ እሸት በእጁ የያዘ ልጅ ሮጦ ይወጣል፤ እሸቱን በጥርሱ ነክሶ ውሻውን በሁለት እጁ አንገቱን ያቅፈዋል።